የተረኛዋ ማስታወሻ

«ቀዩ ይሻላል ቡናማው?»

መልእክቱ ስልኩ አናት ላይ ብቅ ሲል መብረቅ የሚሏት ተማሪ ሁለት አውራ ጣቶች ሥራ ላይ ነበሩ። ስልኩ ከዴስኩ ሥር ጉልበቷ ላይ ተቀምጧል። ዴስኩ ላይ ደግሞ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የአናቶሚ የቤት ሥራ ተዘርግቷል፤ ከአርባ ሁለት የአጥንት ስሞች አስራ አንዱ ገና አልተሞሉም። ፊት ለፊት ሲስተር ነጭ ጋወናቸውን እንደለበሱ ከሰሌዳው ጥግ እስከ ጥግ እየተመላለሱ ስለ መድኃኒት ልኬት ያስተምራሉ።

ሲስተር ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል የሠሩ ነርስ ናቸው። ስላይድ አያሳዩም፣ ወረቀት አይበትኑም። ይናገራሉ፤ የሰማ ሰማ፣ ያልሰማ ቀረበት። «እሳቸው አይደግሙም» የሚለው ወሬ ከአንዱ ዓመት ተማሪ ወደ ሌላው ዓመት ተማሪ እንደ ውርስ ሲተላለፍ የመጣ ነው።

ክፍሉ ተራ ያበጀውም ለዚህ ነው። ሠላሳ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ለምን ጆሮውን ያደክማል? በየክፍለ ጊዜው አንድ ተረኛ ይሰማል፣ ይጽፋል፣ በክፍሉ ግሩፕ ላይ ይለቃል። የቀረው በየጉዳዩ ይሰማራል። ጎል የሚሉት ልጅ የትናንቱን ጨዋታ ድምፁን አጥፍቶ ያያል። ባለሱቅ የሚሏት ደግሞ በስልኳ ጫማ ትሸጣለች። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ይተኛሉ፣ ያውም በተራ። መጀመሪያ ተረኛው ይቀያየራል ተብሎ ነበር። የሲስተር ክፍለ ጊዜ ግን ቀስ በቀስ የመብረቅ ርስት ሆኖ ቀረ።

አስራ ሰባት ሊሞላት ሁለት ወር ይቀራታል፤ ከክፍሉ ሁሉ ትንሿ ናት። መብረቅ ያሏት በጣቶቿ ፍጥነት ነው። እሷ እየጻፈች ታወራለች፣ እያወራች የቤት ሥራ ትሠራለች፣ ማስታወሻዋ ላይ ግን አንድም ባዶ ቦታ ተገኝቶ አያውቅም። «የሷን ማስታወሻ ያነበበ፣ ሲስተርን ከሰማው ይበልጣል» ይላሉ። መብረቅ ይህን ስትሰማ አፏ «ኧረ ተዉ» ይላል እንጂ ልቧ ይሞቃል።

ሲስተር ሰሌዳው ላይ አንድ ምሳሌ ጻፉ። «በአንድ ሚሊ ውስጥ አስር ሚሊግራም ያለው ማስታገሻ። ሐኪሙ ሃያ አዘዘ። ስንት ሚሊ ትስባላችሁ? ሁለት። ግልጽ ነው?» ማንም አልመለሰም። «እሺ። አሁን ወደ ኢንሱሊን።»

ኢንሱሊን ሲባል መብረቅ ጨዋው ትዝ አላት። ጨዋው የክፍሉ ልጅ ነው፤ አባባ የሚላቸው አያቱ ስላሳደጉት ነው መሰል፣ ለእኩዮቹ ሳይቀር ከወንበር ብድግ ይላል። ዛሬ አልመጣም። ጠዋት በግሩፑ ላይ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ «አባባ ትናንት ከሆስፒታል ወጡ። ኢንሱሊን ጀምረዋል፣ ሃያ ዩኒት። የጠዋቱን ነርስ መጥታ ወግታቸዋለች፤ የአስር ተኩሉ የኔ ነው። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ፋርማሲው ጋ አልቋል፣ ነገ ይገባል አሉኝ። ተራውን የሁለት ሚሊ ነው ያገኘሁት። በዚህ ስንት መሳብ እንዳለብኝ ሲስተር ከተናገሩ አደራ ጻፉልኝ።» መብረቅም ወዲያው «አታስብ፣ በኔ ጣለው» ብላ መልሳ ነበር።

ስልኩ ጉልበቷ ላይ ተንዘረዘረ። ባለሱቅ ናት፣ ከሁለት ወንበር ወዲያ። «ኧረ ቶሎ በይ፣ ገዢዋ ሐሳቧን ልትቀይር ነው።» ሁለት ፎቶ ተከተለ። መብረቅ ፎቶዎቹን ከፈተች። ቀዩ ተረከዙ ላይ ትንሽ ዘለበት አለው። ቡናማው ያምራል። «ቡናማው» ብላ ጻፈች። እግረ መንገዷንም የጫማው ፎቶ የጎደለውን የአጥንት ስም አስታወሳትና ዴስኩ ላይ ያለውን ወረቀት ሞላች።

ቀና ስትል ሲስተር ሰሌዳውን ጠርገው ጨርሰዋል።

«... ይህን የሳተ ነርስ ሁለተኛ ዕድል የለውም» አሉና ስለ ኢንሱሊን አቀማመጥ፣ ስለ ማቀዝቀዣ ማውራት ጀመሩ።

መብረቅ ቀዘቀዘች። ምን ያህል አመለጣት? ሁለት ዓረፍተ ነገር? ሦስት? አጠገቧ የተቀመጠውን ጎልን በክርኗ ጎሰም አደረገችው። «ምን አሉ?»

«ማን?» አላት ጎል።

ዙሪያዋን ቃኘች። ያልጎበጠ አንገት የለም። እጇን አውጥታ መጠየቅ ትችል ነበር። ግን የሲስተር ዓይን ቀጥ ብሎ እሷ ላይ ሲያርፍ፣ ክፍሉ ሁሉ «መብረቅም ያመልጣታል?» ብሎ ሲዞር ታያት። ደግሞስ ያን ያህል ከባድ ነገር ነው? ቅድም አስር ሲሆን አንድ፣ ሃያ ሲሆን ሁለት ብለው የለ? ጣቶቿ ከሐሳቧ ቀደሙ። «ኢንሱሊንም እንደዚሁ፦ 20 ዩኒት = 2 ሚሊ።» ባዶው ቦታ ሞላ፤ ማስታወሻውም እንደ ወትሮው ያማረ ሆነ።

ደወሉ ሲደወል ለቀቀችው። ሠላሳ ሰው አውራ ጣቱን አነሳላት። ትንሽ ቆይቶ የጨዋው መልስ መጣ፦ «እግዜር ይስጥልኝ። አደራዬን ተወጣሽልኝ።»

ከምሳ በኋላ የልምምድ ክፍል ገቡ። ክፍሉ ሦስት አልጋ፣ አንድ የጎማ ክንድ፣ የአልኮል ሽታ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሰዓት አለው። በር ላይ ሲስተር ቅርጫት ይዘው ይቆማሉ፤ ስልክ ሁሉ ቅርጫቱ ውስጥ፣ ቅርጫቱ መሳቢያ ውስጥ፣ መሳቢያው ተቆልፎ ቁልፉ የሲስተር ኪስ ውስጥ። እስከ አስራ አንድ ሰዓት አይከፈትም። «ሰኞ ዋርድ ትገባላችሁ፣ እውነተኛ በሽተኛ ዘንድ» አሉ። «በትምህርት ሰዓት ስልክ ሲነካ የተያዘ ግን ለሁለት ሳምንት ከዋርድ ይታገዳል፤ ሕጉን ታውቁታላችሁ።» መብረቅ ታውቀዋለች። እናቷ ነጩን ጋወን ተኩሳ በራቸው ላይ ከሰቀለችው ሳምንት ሆኖታል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም «የልጄ ነው» ትላለች።

ሲስተር ትሪ ላይ ሁለት ዓይነት ሲሪንጅ ደረደሩ፤ ቀጭኑን የኢንሱሊን እና ተራውን የሁለት ሚሊ። ከጎኑ ውኃ የተሞላ ብልቃጥ አኖሩ። «ይህ ኢንሱሊን ነው እንበል። ሃያ ዩኒት ታዟል። ና እስቲ አንተ።»

ጎል ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ሳያመነታ ተራውን ሲሪንጅ አነሳ፣ እስከ አንገቱ ሳበ፣ አየሩን አስወጣ፣ የጎማውን ክንድ በአልኮል ጠርጎ ወጋ። እውነትም እጁ አይንቀጠቀጥም። ጨርሶ ሲዞር ሲስተር ሰዓታቸውን እያዩ ነበር።

«እስከ ስንት ሰዓት የሚቆይ ይመስልሃል?» አሉት።

«ማን፣ ሲስተር?»

«አሁን የገደልከው ሰውዬ።»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሲስተር አልሳቁም፤ ሳቁም ወዲያው ጠፋ።

«ሁለት መቶ ዩኒት ነው የሰጠኸው። የታዘዘውን አስር እጥፍ። በመጀመሪያ ያልበዋል። ከዚያ ይንቀጠቀጣል፣ ቃል ይጠፋበታል። ከዚያ ይተኛል። ሃያ ዩኒት ዜሮ ነጥብ ሁለት ሚሊ ነው። እሱንም በራሱ ሲሪንጅ እንጂ በሌላ አትሞክሩ፣ ከሌለ ደውላችሁ ጠይቁ ብዬ ዛሬ ጠዋት አላስተማርኩም?»

«ተሳስቼ ነው» አለ ጎል ወለሉን እያየ። ወደ መብረቅ አልዞረም። እንዳያጋልጣት ብሎ እንደሆነ ገባት፤ ገብቷትም በጣም አፈረች።

ከዚያ ጨዋው ትዝ አላት።

ሁለት ሚሊ ማለት የጨዋው ሲሪንጅ ሙሉ ነው። መጠኑ ከሲሪንጁ አልፎ እንኳ እንዲጠራጠር የሚያደርገው ነገር የለም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ለአስር አምስት ጉዳይ። መርፌው አስር ተኩል ላይ ነው። መሳቢያው የሚከፈተው አስራ አንድ ላይ ነው።

ወደ ባለሱቅ ተጠጋች። «ጨዋው» አለቻት በሹክሹክታ። «ማስታወሻውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ።»

ባለሱቅ ፊቷ ተለዋወጠ፣ ግን ቶሎ አገገመች። «አታካብጂ። ይሄኔ ትክክለኛውን ሲሪንጅ አግኝቶ ይሆናል።»

«ካላገኘስ?»

«አስቢው እንጂ። ከተናገርሽ እኮ ተራው ሁሉ ነው የሚወጣው። ሠላሳ አንዳችንም ተበላን ማለት ነው። ሽንት ቤት ብለሽ ውጪና ደውይለት።»

መብረቅ በምን ልትደውል? ስልክ ከመንገድ ሰው መለመን ይቻላል። የጨዋውን ቁጥር ግን በቃሏ አታውቀውም። የማንንም ቁጥር በቃሏ አታውቅም፤ የእናቷንም ጭምር። ያላት ሁሉ መሳቢያው ውስጥ ነው።

ምክንያት ለመደርደር ሞከረች። ምናልባት ነርሷ ተመልሳ መጥታለች። ምናልባት መጽሐፍ አይቷል፤ ጨዋው ጠንቃቃ ልጅ ነው። በር ላይ የተሰቀለው ጋወን፣ ሰኞ፣ እናቷ እንግዳ ፊት የምትለው ሁሉ በዓይኗ ላይ ተመላለሰ። የሰዓቱ ረጅም እጅ አስራ ሁለትን ነካ። «በኔ ጣለው» ያለችው እሷ ናት።

«ሲስተር።»

ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። ሲስተር ዞሩ።

«መሳቢያውን ይክፈቱልኝ። ጎል አልተሳሳተም። ስህተቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በክፍል ውስጥ፣ በስልክ። ጨዋው ቤት አያቱ አሉ፤ ኢንሱሊን ጀምረዋል፤ የሚወጉት አስር ተኩል ላይ ነው፤ ያለው ተራ ሲሪንጅ ነው። የኔን ማስታወሻ አይቶ ነው የሚወጋቸው።»

ሲስተር አልጮኹም። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መሳቢያውን ከፈቱና ቅርጫቱን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ደውይ» አሏት።

ጠራ። ጠራ። አልተነሳም። እንደገና ደወለች። ከአያቱ ጋር ሲሆን ስልኩን ድምፅ አልባ ያደርገዋል፤ እንቅልፋቸው ቀላል ነው ሲል ሰምታዋለች። መልእክት ጻፈች፦ «እንዳትወጋ!!!» አልተነበበም።

«ቤቱን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ። ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ።»

ሲስተር ከትሪው ላይ ሦስት የኢንሱሊን ሲሪንጅ አፍሰው ኪሳቸው ከተቱ። ከመምህራኑ የሻይ ጠረጴዛ ላይም አንድ ጣሳ ስኳር ብድግ አደረጉ። መብረቅ ስኳሩ ለምን እንደሆነ ገባት። መርፌው ቀድሟቸው ከሆነ፣ የወረደውን ስኳር መልሶ ለማንሳት ነው።

የሲስተር መኪና ትንሽ ናት፤ ጉልበትና ዳሽቦርድ ይነካካሉ። መብረቅ ስኳሩን ታቅፋ በሌላ እጇ እየደጋገመች ትደውላለች። የኮሌጁን በር እንደወጡ ሲስተር ከመንገዱ ዓይናቸውን ሳያነሱ ጠየቋት።

«ያን ሰዓት ምን እያደረግሽ ነበር?»

መብረቅ የተሻለ መልስ ቢኖራት ወደደች። «ጫማ እየመረጥኩ።»

«ጫማ?»

«ለጓደኛዬ ደንበኛ ነው። ቀዩ ነው ቡናማው ብላኝ ነው።»

ሲስተር አንድ አውቶቡስ አሳለፉ። «የቱን አልሽ?»

«ቡናማውን።»

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋ። ከፊት አንድ የጭነት መኪና ጎማው ፈንድቶ መሐል መንገድ ቆሟል፤ ከኋላ ሁሉም ጥሩምባውን ይነፋል። አስር ከሃያ። መብረቅ ሲስተርን አየቻቸው። ሲስተርም ሲሪንጆቹን አውጥተው እጇ ላይ አኖሩላት። «ሩጪ። እኔ አቁሜ እመጣለሁ። አስቁሚው እንጂ እንዳትወጊ።»

ሮጠች። ስኳሩ ጣሳው ውስጥ ይንሿሿል። የአትክልት ሻጮችን መደብ ዘለለች፣ አንድ ሰውዬ «ምን ያክለፈልፋታል!» ሲል ሰማች፤ ቆማ ይቅርታ ለማለትም ጊዜ የላትም። አውቶቡስ ማዞሪያው፣ የብየዳ ቤቱ፣ ከዚያ ደረጃው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጎኗን ወጋት። ሦስተኛው ላይ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ድምፅ ይሰማል።

«ጠዋት ያቺ ልጅ የሰጠችኝ እኮ ጠብታ አታህልም» ይላል የሽማግሌ ድምፅ። «አንተ ደግሞ ሙሉ ጥሩምባ ይዘህ መጣህብኝ።»

«አባባ፣ ሲሪንጁ ስለተለያየ ነው።» ጨዋው ነው፤ እንደ ሁልጊዜው በትሕትና። «እዚሁ ተጽፏል፣ ይዩት። የጻፈችው ጓደኛዬ ናት። የሷ ማስታወሻ ስቶ አያውቅም።»

«አርባ ዓመት ልብስ ስሰፋ፣ ዓይኔ ያላመነውን ጨርቅ በመቀስ ነክቼ አላውቅም።»

«ምግብዎ እየቀዘቀዘ ነው። በሰዓቱ ካልተወጉ ስኳርዎ ይወጣል። እባክዎ አባባ።»

ከዚያ ሽማግሌው ተነፈሱ። «እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» አሉ፤ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡም ጨርቁ ኮሽ አለ።

መብረቅ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ጨዋው ሲሪንጁን ሽቅብ ይዞ፣ አያቱ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ሁለቱም አፈጠጡባት። ስኳሩን ወለሉ ላይ ጥላ የጨዋውን አንጓ ያዘች።

«አትውጋ» አለች። «ዜሮ ነጥብ ሁለት ነው። ሁለት አይደለም።»

ጨዋው አልገባውም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አየ፤ የሷን ማስታወሻ ገልብጦበታል። «ግን አንቺ እኮ ነሽ የጻፍሽው።»

«አልሰማሁም ነበር። ሳልሰማ ነው የጻፍኩት።»

ጨዋው ሲሪንጁን እንደ ሞላ አየው። ከዚያ አያቱን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ተቀመጠ። መብረቅ ቢሰድባት፣ ቢጮህባት ትመርጥ ነበር።

«አደራ ብዬሽ ነበር» አለ።

ሽማግሌው የሰበሰቡትን እጅጌ መልሰው ዘረጉት። ከላይ እስከ ታች፣ ልብስ እንደሚለኩላት ሁሉ፣ አዩዋት። «ይቺ ናት የማትስተዋ?» አሉ። «እንዲህ ያለውን ሥራ እኛ ዘንድም እናውቀዋለን። ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ ይባላል።» ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ቁጭ በይ እስቲ ልጄ። ትንፋሽሽን ሰብስቢ። ሮጠሽ መጥተሻል፣ እሱንም አይቻለሁ።»

መብረቅ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ደግነታቸው ነው ያስለቀሳት፤ ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር።

ሲስተር ሲደርሱ ላብ በላብ ነበሩ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ቀጭኑን ሲሪንጅ ከፈቱ፣ ሃያ ዩኒት ሳቡና ጨዋው ዘንድ አምጥተው አሳዩት። ሲሪንጁ ታች ላይ ጭረት የምታህል ፈሳሽ ብቻ አለች። ወጉ። ቀጥሎ ሞልቶ የተቀመጠውን አንስተው ማጠቢያው ላይ ገፉት። ለመብረቅ ፈሳሹ እስኪያልቅ ረጅም ጊዜ የወሰደ መሰላት።

«ጣፈጠኝ አላልኩም እንጂ መርፌዎ ጥሩ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ምግባቸው እየዞሩ። ሲስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ሲወርዱ ሲስተር ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሙ። «ሁለት ሳምንት ከዋርድ ታግደሻል። ደብዳቤው ነገ ይወጣል።»

«እሺ።»

«ተራ የሚባለውን ነገር ከሌሎቹ ጋር እነጋገርበታለሁ።» ደረጃውን ሁለት ወርደው መልሰው ቆሙ። «አይደግሙም ትሉኛላችሁ፣ አይደል?»

መብረቅ መሬት መሬት አየች።

«እሰማለሁ። እዚህ ሳስተምር ሰባት ዓመት ሙሉ እሰማለሁ። ይድገሙልን ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።»

ቤት ስትደርስ እናቷ በሩ ላይ ያለውን ጋወን ከአቧራ ልትሸፍነው ላስቲክ ታለብሰው ነበር። መብረቅ ጫማዋን ሳታወልቅ ሁሉንም ነገረቻት፣ ጫማ መረጣውንም ሳይቀር። እናቷ ጋወኑን አውርዳ በጥንቃቄ አጠፈችውና ቁም ሳጥን ውስጥ አኖረችው። «ሁለት ሳምንት ሩቅ አይደለም» አለች፤ ግን ፊቷን አላዞረችላትም።

ከዚያ መብረቅ ግሩፑን ከፈተች። የጠዋቱን ማስታወሻ አርማ ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ስልኩ ይህን ይፈቅዳል። አላረመችውም። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ይህ ስህተት ነው። 20 ዩኒት 0.2 ሚሊ ነው። በወረቀት የገለበጣችሁ አሁኑኑ ሰርዙ። ሲስተር ሲናገሩ ጫማ እየመረጥኩ ነበር፤ ያልሰማሁትን ገምቼ ሞላሁት። ከዛሬ ጀምሮ ተረኛ አይደለሁም።» ጎል «ያጋጥማል» አለ። ጨዋው አነበበው፤ መልስ ግን አልሰጠም።

በሦስተኛው ቀን የሲስተር ክፍለ ጊዜ ደረሰ። ስልኮቹ አሁን በር ላይ ያለው ቅርጫት ውስጥ ናቸው። የመብረቅ ዴስክ ላይ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ብቻ አለ። የእጅ ጽሑፏ ከትምህርት ቤት ወዲህ ተበላሽቷል፤ ጣቶቿም ዘገምተኛ ሆነውባታል። ጨዋው ተመልሷል። ከፊቷ ሁለት ረድፍ ወደፊት ተቀምጧል። ጠዋት በር ላይ ሲገናኙ መንገድ ለቀቀላት፣ እንደ ጨዋ ልጅ፤ ሰላም ግን አላላትም።

ሲስተር ስለ ደም ግፊት መድኃኒት ይናገራሉ። መብረቅ ትጽፋለች። ከዚያ ጨዋው ወደ መስኮቱ ዞር ሲል ዓይኗ ተከተለው፤ አያቱ እንዴት ሆነው ይሆን ብላ አሰበች፤ አስባ ስትመለስ አንድ ቁጥር አልፏት ነበር። ደብተሯ ላይ የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያና መጨረሻ አለ። መሐሉ ባዶ ነው።

አጠገቧ ያለው ጎል እስክሪብቶውን ያኝካል። ከፊት ለፊቷ ያለችው ልጅ ጥፍሯን ትልጣለች። መብረቅ ባዶውን ቦታ አየችው። ከላይ ካለው ምሳሌ ተነስቶ መገመት ይቻላል፤ ምናልባትም ትክክል ይሆን ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እጇን አነሳች።

ሲስተር መሐል ላይ አቆሙ። ሠላሳ አንገት ዞረ።

«ሲስተር፣ ሐሳቤ ሄዶ ነበር፤ አልሰማሁትም» አለች። «ቢደግሙልኝ?»

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው በጋወናቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ ጠመኔውን አንስተው፣ ቀስ ብለው፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ከሁለት ረድፍ ፊት ጨዋው ሳይዞር ደብተሩን ገለጠና መጻፍ ጀመረ።